ከጥያቄው የቀደመ መልስ

እኔ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ስለሆንኩ ሰው ቶሎ አላምንም። አባቴ ሐጂ አብዱልሃፊዝ ቡታጅራ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጧል። ገና ፊደል ሳልለይ ያስተማረኝ የጨርቅን ጫፍ በሁለት ጣት ማሸት፣ ክሩን ሳብ አድርጎ ማየት፣ ከዚያም ወደ በር ወስዶ በፀሐይ መመልከት ነው። «ፈቲሀ፣ አምፖል ሥር ያየሽውን እንዳትገዢ» ይለኝ ነበር። ታዲያ ሳኒን መጀመሪያ ያየሁት አምፖል ሥር ነው። ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ታሪኩን ዛሬ ለምትሰሙት ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በእኛ አገር አረፋ ሲመጣ የማይቀር አንድ የካርቱን ፊልም አለ፤ «ኮርማው የት ገባ?» ይባላል። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ነው። የሥዕል መምህራችን ጋሽ ጀማሉ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ሥዕሉን አንድ በአንድ በእጃቸው ሥለው ሠሩት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ከእርዱ ማግስት፣ ትልቁም ትንሹም ተሰብስቦ ያየዋል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶቻችን እንኳ ሻንጣቸውን ሳያወርዱ «ኮርማው ታየ ወይስ ደረስን?» ይላሉ። ታሪኩ ቀላል ነው። ለአረፋ የተገዛው ኮርማ ቢላዋ ሲሳል ሰምቶ ይጠፋል። ከድር የሚባል ልጅ ሊፈልገው ወደ ዘቢዳር ተራራ ይወጣል። የጎረቤቱ ልጅ ሙና አጥሩ በር ላይ ቆማ ትሸኘዋለች። የሙና ድምፅ እኔ ነኝ፤ ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ፊልሙን ያስወደደው ግን አንድ ስሕተት ነው። ሙና «ትመለሳለህ?» ብላ መጠየቅ፣ ከድር «እመለሳለሁ!» ብሎ መመለስ ነበረባቸው። በፊልሙ ላይ ከድር ማንም ሳይጠይቀው «እመለሳለሁ!» ይላል። ሙና ከዚያ በኋላ ዓይኗን አፍጥጣ «ትመለሳለህ?» ትለዋለች። ያ ቦታ ሲደርስ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይጮኻል። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ደግሞ ደንበኛ ፊት ጥርሱ የማይታየው አባቴ ነው። በሰፈራችን ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው «ከድር ሆንክ እኮ» ይባላል።

የከድርን ድምፅ የሰጠው ሳኒ የሚባል የወልቂጤ ልጅ ነበር። የእኔ ድምፅ ቡታጅራ፣ የእሱ ወልቂጤ ተቀዳ። በየአረፋው በር ላይ ቆመን ስንነጋገር ኖርን እንጂ አንድም ቀን ተያይተን አናውቅም ነበር።

ባለፈው መስከረም ጋሽ ጀማሉ ደወሉልኝ። የፊልሙ ድምፅ አርጅቶ መንሿሿት ጀምሯል፤ ሊያድሱት አስበዋል። «የልጅነት ድምፃችሁን አጥቤ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ። «አዲስ የምጨምረው ትንሽ ነገር ነው። አንቺ የሙናን እናት ትሆኛለሽ፤ ከድር የነበረው ልጅ ደግሞ ኮርማውን ይናገራል።» 

የመቅጃው ክፍል ወልቂጤ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ተደግፏል፤ አንድ አምፖል ብቻ አለው። አደይ የምትባል ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች። ከማይክራፎኑ ኋላ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ረጅም ጠይም ሰው ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሙና» አለኝ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ ወረቀቱን አንሥቶ በኮርማው ወፍራም ድምፅ «እኔን ሊያርዱኝ ነው እንዴ የቀለቡኝ?» ሲል ጋሽ ጀማሉ በሳቅ ወንበራቸውን ሊጥሉት ደረሱ። እኔ አልሳቅኩም። የሰው ድምፅ እንዲህ ደረት ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

ሳይመሽ ቤቴ ልድረስ ብዬ በጊዜ ተነሣሁ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ያለችው አገና ከተማ ሳይደርስ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። «ሙና፣ ዛሬ ዐሥራ ስድስት ዓመት በር ላይ ያስቆምኳትን ልጅ አየኋት። ይቅርታ፤ ቆየሁብሽ።» አምስት ጊዜ ሰማሁት። ስድስተኛውን ስጀምር ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ ጆሮሽን ያምሻል» አሉኝ፤ ፊቴ ጋለ።

እንዲህ ተጀመረና ስምንት ወር ሆነው። ሳኒ ወልቂጤ ላይ ለሠርግና ለበዓል የድምፅ ማጉያ ያከራያል። መልእክቱ በየቀኑ ይመጣል፤ የተጣራ፣ ያማረ፣ አንድ ቃል የማይዛነፍ። ደስታዬን ግን ልማዴ አላስቀምጥ አለው፤ ጫፉን ማሸት ጀመርኩ።

ስደውልለት አያነሣም። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሥራ ላይ ነበርኩ» የሚል የሚያምር የድምፅ መልእክት ይልካል። በአካል ስንገናኝ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። አንዱን ዐረፍተ ነገር ይጀምርና በሌላ ይጨርሰዋል። «ሻይ ት… ማኪያቶ ይሻልሻል» ይላል። «ነገ ወደ ቡ… ወደ እናንተ ከተማ ሥራ አለኝ» ይላል። እንዲህ ቃል የሚቀያይረው የሚደብቀው ያለው ሰው ነው አልኩ። ከሁሉም የከነከነኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ሙና ነኝ። ታናሽ እህቴ ሰፍያ «እንዴት ደስ ይላል!» ትላለች። እኔ ግን አስባለሁ፤ ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ስም የሚጠራ ወንድ ተሳስቶ አይያዝም። ይህን ካሰብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከመርካቶ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ቤታችን መጡ። የላካቸው የአባቴ የንግድ ወዳጅ ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ ሱቅ አለው፤ እንከን አይወጣለትም። አባቴ «ከአረፋ በኋላ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ሸኛቸው። በማግስቱ ማለዳ ወልቂጤ ሄድኩ። ሳኒ መናኸሪያ ድረስ መጣ። ቆመን ነበር የተነጋገርነው፤ ቁጭ ብዬ ብጠይቀው የምለሳለስ መስሎኝ ፈራሁ።

«ሽማግሌዎች መጥተው ሄዱ» አልኩት። «አባ ከአረፋ በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። ሰምተሃል?»

አንገቱን ነቀነቀ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ አትልክም?»

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ዓይኑ ከዓይኔ ሸሸና የመናኸሪያውን አጥር አየ። አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ተራ አስከባሪው «ቡታጅራ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። እኔ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፤ «አልክም» ቢለኝ እንኳ ሰው ነው ብዬ እሄድ ነበር።

«ሚኒባሱ ሞላ» አለኝ በመጨረሻ።

ሚኒባሱ አልሞላም። ሦስት ወንበር ባዶ ነበር። ገብቼ በመስኮቱ በኩል ባለው ተቀመጥኩ። ሳኒ እጁን መስተዋቱ ላይ አድርጎ ሊናገር የፈለገ መሰለ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። እስከ አገና ድረስ አላለቀስኩም። ከአገና በኋላ ግን ጎኔ ማንም ስላልነበረ ለቀቅኩት።

የሴቶች አረፋ ዕለት ቤታችን በጎመን ሽታ ተሞልቶ ነበር። ቀኑ የእኛ ነው፤ ወንዶቹ ተራቸው በነገታው፣ ኮርማው ሲታረድ ነው። እናቴ ነዒማ ከአክስቶቼ ጋር ጎመን ትከትፋለች፤ እኔ ቆጮ እቆርሳለሁ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በር ላይ ቆሞ «የሐጂ ልጅ ፈቲሀ?» አለና ፖስታ ሰጠኝ። ከወልቂጤ ነው። ጓዳ ገብቼ ቀደድኩት። የሳኒ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤

«ሙና፣ መናኸሪያው ላይ የሆነውን አልረሳውም። እባክሽ አትጠይቂኝ። ካልጠየቅሽኝ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ከአረፋ ማግስት ለፊልሙ ድምፅ ማጉያ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ በአላህ፣ ምንም አትጠይቂኝ።»

አትጠይቂኝ! ጨርቅ ሊሸጥልኝ የመጣ ሰው «ጫፉን አትንኪው» ቢለኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። 

ሰፍያ ተከትላኝ ገብታ ነበር። «አትቸኩይ» አለችኝ። «ይሄ ሰው ይወድሻል። ይኸውና፣ ባለፈው ወር የላከውን ስሚ።» ስልኬን ነጥቃ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። የሳኒ ድምፅ ጓዳውን ሞላው። «ሙና፣ እኔ እንዳንቺ የምፈራው ሰው የለም። እንዳንቺም የምፈልገው።» ያምራል። ሁልጊዜ እዚያ ላይ እዘጋው ነበር። ሰፍያ አልዘጋችውም። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«አሁን አማረ! ይቺኛዋን ላክላት፤ አትጠራጠርም።»

ሰፍያና እኔ ተያየን። ድምፁን አውቄዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው አደይ ናት። ይቺኛዋን! ስንት ነበሩ እንግዲያው? ለስንት ሰው? ሁለቱ አምፖላቸው ሥር ተቀምጠው፣ የእኔን ልብ እንደ ፊልም ንግግር እየደጋገሙ ሲቀዱ ታየኝ። ሰፍያ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ እኔ ግን ከበደኝ።

ያን ቀን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። «ለአባትሽ እነግረዋለሁ» አለች፤ «ከእኔ ቢሰማው ይሻላል።» ከመግሪብ በፊት አባቴ ጠራኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ማይክራፎን ተሸካሚ ነው አሉኝ» አለ።

«አዎ፣ አባ።»

«ሽማግሌ ይልካል?»

«ጠይቄው ነበር። መልስ የለውም።»

አባቴ ጢሙን ዳሰሰ። «ለመርካቶዎቹ ከፊልሙ ቀን በኋላ እደውላለሁ። ሐሳብሽ ምንድን ነው?»

«ያልከው ይሁን» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ፤ ቢሆንም አልመለስኩትም።

ከእርዱ ማግስት፣ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ የሰፈራችን አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ጀማሉ የታደሰው ፊልም መጀመሪያ ቡታጅራ ላይ፣ በትልቅ ጨርቅ ላይ ይታይ ብለው ነበር። ጨርቁን የሰጠው አባቴ ነው፤ ከሱቁ ምርጡን አቡጀዲ። መስኮቶቹ በመጋረጃ ተጋርደዋል። ሳኒ ጥግ ላይ ሽቦ ይቀጥላል። ስገባ አየኝ። እኔም አየሁት፤ ከዚያ ሄጄ ከእናቴ ጎን ተቀመጥኩ። ጀርባው ላይ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ነበር። ይሁን አልኩ፤ ያልበዋ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰው ቢላዋው ሲሳል ሳቀ፤ ኮርማው አፉን ፈትቶ «እኔን ሊያርዱኝ ነው እንዴ የቀለቡኝ?» ሲል አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ያን ድምፅ ላለመስማት ጣቴን ጆሮዬ ውስጥ ብከት ደስ ባለኝ። ከዚያ አጥሩ በር መጣ። ሙና ቆማለች። ከድር ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጓል።

«እመለሳለሁ!» አለ ከድር።

«ትመለሳለህ?» አለ አዳራሹ በሙሉ፣ አባቴን ጨምሮ።

ስሕተቱ አልታረመም። ስምንት ወር አድሰውት፣ አጥበውት፣ ያን አንድ ቦታ እንዳለ ትተውታል። ሁሉም የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። ፊልሙ አልቆ ሰው እየተሳሳቀ ሲወጣ ቀጥ ብዬ ጋሽ ጀማሉ ዘንድ ሄድኩ። እኚህም ከእነሱ ጋር ቢሆኑስ ብዬ ፊታቸውን በጥርጣሬ ነበር የማየው።

«ጋሽ ጀማሉ፣ ስሕተቱን ለምን አላረሙትም?»

«የቱን ስሕተት?»

«ከድር ሳይጠየቅ የሚመልሰውን ነዋ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ማን ስሕተት ነው አለሽ? ሳኒ አልነገረሽም እንዴ?»

«ሳኒ ምንም አይነግረኝም።»

«አይ ይሄ ልጅ!» አሉና ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ምላሱ ይያዛል እኮ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው። የሌላ ሰው ድምፅ አስመስሎ ሲያነብ አይያዝም። ለብቻው ደስ ብሎት ሲያወራም ይሻለዋል። ሲጠይቁት ግን ድርቅ ይላል። ያኔ ያንቺን ድምፅ በቴፕ ይዤለት ወልቂጤ ሄድኩ፤ ሰምቶ እንዲመልስልሽ ነበር። ‹ትመለሳለህ?› ትያለሽ፤ እሱ ይያዛል። እንደገና። አሁንም እንደገና። ከጠዋት እስከ ዙህር ሞከርን። በላብ ታጠበ፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩና ቴፕሽን አጠፋሁት። ይሄኔ ማንም ሳይጠይቀው ‹እመለሳለሁ!› አለ፤ ጥርት አድርጎ። መቅጃው ክፍት ነበር።»

«ከጥያቄው በኋላ ሊቀጥሉት ይችሉ አልነበረም?»

«እችል ነበር። እሱ ነው እምቢ ያለኝ። ‹ቲቸር፣ የወጣልኝ ያ… ያኔ ነው› አለኝ። ባለቤቱ ነው፤ እንደወጣለት ተውኩለት።»

«አደይስ?» አልኩ።

«የእህቴ ልጅ? እሷ የተያዘበትን ቦታ እየቆረጠች የድምፅ መልእክቱን ታስተካክልለታለች። እንዳታውቂበት ለምኗት ነው። እኔም ‹ንገራት፣ ሴት ልጅ እንዲህ አይቀለድባትም› ብዬዋለሁ፤ ከአረፋ ማግስት እነግራታለሁ ይላል።»

ሰው ሲያፍር ሰውነቱ እንደሚሞቅ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በረደኝ። ያልተነሣው ስልክ፣ የተቀየረው ማኪያቶ፣ «ሚኒባሱ ሞላ» ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጡብኝ። ስሜ ደግሞ። ለካ ስሜ የሚጀምርበት ፊደል ላይ ነው የሚያዘው። እሱ ከዚያ ፊደል ጋር ስምንት ወር ሲታገል እኔ ሌሎች ሴቶች ስቆጥርለት ነበር።

ማፈሬ ሳይለቀኝ ንዴት ደረሰ። ተነሥቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ። ሳኒ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር፤ ሳየው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አልጠይቅህም» አልኩት። «ጋሽ ጀማሉ ነግረውኛል። ተናድጄብሃለሁ፤ እወቀው። ምላስህ አይደለም ያናደደኝ። ከእኔ የቆረጥከው ራስህን ነው። የተያዝክበትም ቦታ የእኔ ነበር፤ ለምን ደበቅክብኝ?»

ይኸው፣ አልጠይቅህም ብዬ ጠየቅኩት። አፉ ተከፈተ፤ ቃሉ አልመጣ አለ። እንባው ግን ሳይያዝ መጣ። በዚህ መሐል የአባቴን እግር ከኋላዬ ሰማሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ አባቴ፣ ደረቅ አድርጎ።

ሳኒ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ከልጄ ጋር የምትላላከው አንተ ነህ? ቁም ነገርህ ምንድን ነው? ሽማግሌ አለህ ወይስ የለህም?»

በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጥያቄ። የሳኒ አንገት ሥር ተገታተረ። አገጩ እንደ መናኸሪያው ቀን ተንቀጠቀጠ። ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። አንዷ ኮረዳ ኪኪኪ አለች። አባቴ ጠበቀ፤ የነጋዴ ትዕግሥት ነው ያለው፤ ረጅም አይደለም።

«አየሽ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «ያልሽው ልክ ነው። መልስ የለውም። ለመርካቶዎቹ ነገ ጠዋት እደውላለሁ።»

መሄድ ሲጀምር እጅጌውን ያዝኩት። አባቴን በሰው ፊት እጅጌውን ይዤ አላውቅም።

«አባ፣ ከድር እሱ ነው።»

«የትኛው ከድር?»

«የእኛው። የፊልሙ። ድምፁ የእሱ ነው።»

አባቴ ቆመ። ሳኒን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ እንዳዲስ ጨርቅ ነው ያየው።

«ስትጠይቀው ይያዛል፣ አባ። ለዚህ ነው በፊልሙም ቀድሞ የሚመልሰው። መልስ አጥቶ አይደለም፤ ጥያቄው ነው አፉን የሚዘጋው። እባክህ አትጠይቀው። ጨርቅህን አጥፈን እስክንሰጥህ ብቻ ቆይልን።»

አባቴ አልሄደም። ሰፍያ ሮጣ መጋረጃዎቹን ገለጠቻቸው፤ የከሰዓት ፀሐይ አዳራሹን ሞላው። ሳኒ አቡጀዲውን ከግድግዳው አወረደ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። በአዳራሹ ርዝመት ተራርቀን ቆምን። አንድ ጊዜ አጠፍነው። ወደ እኔ መጣ፤ ወደ እሱ ሄድኩ። ጣቶቻችን ሲነካኩ ማንም አልጠየቀም። ተመለስን፤ ሁለተኛ አጠፍነው። እንደገና ተገናኘን። ዓይኑን አላሸሸም። ለሦስተኛ ጊዜ ስንቀራረብ ጨርቁ በመሐላችን የአንድ ክንድ ያህል ሆኖ ነበር።

«ፈ…» አለ ሳኒ።

ወንበር የያዙት ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ። 

«ፈ… ፈ…» ፊቱ ቀላ። ያቺ ኮረዳ ልትስቅ ስትል አባቴ በዓይኑ አስቀመጣት። እኔ ልረዳው ፈልጌ ነበር፤ ስሜን ልጨርስለት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። የራሱ ነው፤ እሱ ያምጣው። ጨርቁን ብቻ አጥብቄ ያዝኩለት።

«ፈ… ፈቲሀ» አለ። «ፈቲሀን እወዳታለሁ። እሑድ ሽ… ሽ… ሽማግሌ እልካለሁ።»

ማንም አልጠየቀውም ነበር።

አባቴ ቀስ ብሎ መጣና የታጠፈውን አቡጀዲ ጫፍ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ረጅም ጊዜ አሸው፤ የራሱን ጨርቅ የማያውቀው ይመስል። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ሽማግሌ ትልካለህ?» አለው።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ጀማሉ ናቸው። ከዚያ ሰፍያ፣ ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ወንበር የያዘው ሁሉ። ሳኒ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ስሜን ነበር የማዳምጠው። ከነሙሉ ትግሉ፣ ምንም ሳይቆረጥለት፣ ከአምፖል ሥር ወጥቶ በፀሐይ ሰማሁት፤ አመንኩት።